ድስቱ ሳይጣድ እንነጋገር

(ፒያሳ አካባቢ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ የተቀላቀለባቸው ቤተሰቦች በተሰበሰቡበት አዳራሽ የተደረገ ንግግር። ከጥቂት ቃላት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረው ቀርቧል።)

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ክርስቲያን እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? አልሐምዱሊላህ የምትሉትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን የምትሉትም በአንድ ረድፍ ተቀምጣችሁ ሳያችሁ ደስ ብሎኛል።

ዛሬ የመጣነው ስለ ልጅ ልንነጋገር ነው። አባቱ ሙስሊም፣ እናቱ ክርስቲያን ስለሆኑ ልጅ። ወይም ሁለቱም ወላጆቹ ሙስሊም ሆነው አያቱ በየወሩ በ21 ለማርያም ስለምትዘክርለት ልጅ። አባቱ ስልጤ፣ እናቱ የሰሜን ሸዋ ሰው ስለሆኑ፣ ቤት ውስጥ ሦስት ቋንቋና ሁለት ጾም ስለሚሰማ ልጅ። እንዲህ ያለ ልጅ እዚህ ከተማ ብርቅ ነው? አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያድግ ሙስሊም ልጅ ዘመዱ ባይሆን ጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ባይሆን አብሮት የሚቀመጠው ተማሪ ክርስቲያን ነው።

አንድ ነገር ነው የምላችሁ፤ ደጋግሜም እለዋለሁ። ልጅ ሁለት ሃይማኖት ባለበት ቤት በማደጉ አይጎዳም። የሚጎዳው አዋቂዎቹ አፍረው ያልተነጋገሩትን እሱ እንዲወስን ሲተውለት ነው። ድስቱ ከተጣደ በኋላ፣ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ፣ አያቱ ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ከዘረጋች በኋላ፣ የሰባት ዓመት ልጅ «ልብላ ወይስ አልብላ?» ብሎ በአባቱና በአያቱ መካከል ዳኛ ይሆናል። ይህ ሸክም የእሱ ነው? የማን ነው? የእኛ ነው።

ስለ አራት ነገር እናገራለሁ፤ ስለ ሥጋ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ስም፣ ስለ ቀብርና ውርስ። ሥጋው ላይ ቆይታዬ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

አንደኛ፣ ሥጋ። እኛ አገር ሥጋ መታወቂያ ነው። አንዱ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ ያርዳል፣ ሌላው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይባርካል። ሥጋ ቤቱም መስቀል ወይም ጨረቃ ለጥፎ ማንነቱን ያሳውቃል። ወጣቶች እየመጡ «በቁርአን ሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ የመጽሐፍ ባለቤቶች፣ የአይሁድና የክርስቲያኖች፣ ምግብ ተፈቅዷል እኮ» ይሉኛል። አዎ፣ አንቀጹ አለ፤ ዑለማዎችም፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ በዝርዝሩ ላይ ብዙ ተናግረውበታል። ነገር ግን የፋሲካ ዕለት ማዕድ ላይ ይህን ክርክር መክፈት ማንንም አያጠግብም። ክርስቲያን አያትም የሙስሊም ሥጋ አትበላም። ሁለቱም ወገን በዚህ ረጅም ዘመን ኖሮበታል። እኔ የምመክረው ልማዱን አክብሮ ኩሽናውን ማደራጀት ነው።

እንዴት ይደራጃል? እዚሁ ሰፈራችን አንዲት አያት የሚያደርጉትን ልንገራችሁ፤ ከማንም መምህር የተሻለ ነገር ነው። ለፋሲካ ሁለት ዶሮ ይገዛሉ፣ ሁለቱንም ከነሕይወታቸው። አንዱን ልጃቸው ያርዳል። ሁለተኛውን ሙስሊም ጎረቤታቸው ይመጡና በራሳቸው ቢላ ያርዱላቸዋል። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ሽንኩርት ሲከትፉ አይውሉም። ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሽንኩርት እያሰቡ የሁለቱን በአንድ ትልቅ ድስት ያቁላላሉ። ቁሌቱ ላይ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ቅመሙ፣ ንጥር ቅቤው ይገባል፤ ሥጋ የነካው ነገር ስለሌለ የሁለቱም ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት ከበሰለ በኋላ፣ ዶሮው ከመግባቱ በፊት፣ ልብ በሉ፣ ከመግባቱ በፊት፣ ቁሌቱን ለሁለት ድስት ይከፍሉታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዶሮ ከነ12 ብልቱ ወደየድስቱ ይገባል። እንቁላሉ አንድ ላይ ቢቀቀል ችግር የለውም።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? ጭልፋው ላይ! ድስቱ ሁለት ሆኖ ጭልፋው አንድ ከሆነ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የሚያግዙት ልጆች ሲቸኩሉ የአንዱን ማማሰያ ወደ ሌላው ይከቱታል። ስለዚህ የአንደኛው ድስት ጭልፋና ማማሰያ እጀታው ላይ ቀይ ክር ይታሰርበት፤ አንድ ሰው ይመደብለት፤ ድስቱም ከሌላው ድስት ራቅ ብሎ ይጣድ። ቢላውና መክተፊያው እንዲሁ። ሁለተኛው አደጋ ጠጅ ነው። ወጡ እንዲጣፍጥ ብለው ቁሌቱ ላይ ጠጅ የሚጨምሩ ባለሙያዎች አሉ። ቁሌቱ የጋራ ከሆነ ያ ነገር ይቀራል፤ አስቀድሞ ለወጥ ሠሪዋ ይነገራት። ሦስተኛው ፍሪጅ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሁለቱም ሥጋ በአንድ ዓይነት ፌስታል ታስሮ ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ቀን የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ፌስታሉ ላይ ጻፉበት፤ የላይኛው መደርደሪያ የአንዱ፣ የታችኛው የሌላው ይሁን።

መጠጥም እንዲሁ ነው። ጠላና ጠጅ ባለበት ቤት ለሙስሊሙ ልጅ ብርዝ ይቀርባል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ብርዝ የዕለት መጠጥ ነው። ጌሾ ባይገባበትም ማርና ውሃ ተበርዞ ሙቀት ውስጥ ካደረ መፍላት ይጀምራል፤ ካሰነባበተም ያሰክራል። ጠዋት ተበርዞ ማታ ያልቅ፤ የጠጅ ጋን በነበረ ዕቃ ውስጥም አይበረዝ፤ ዕቃው ላይ የቀረው እርሾ ያፈላዋል።

የአረፋ ሥጋስ? ሦስት ቦታ መከፈሉን ታውቃላችሁ፤ ለቤት፣ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ለድሃ። ክርስቲያን አክስት ሥጋው ቢላክላት አትበላውም፤ ባይላክላት ደግሞ ተረሳሁ ትላለች። ብዙ ቤት የዕለቱን ዳቦ፣ ቡናና ስኳር አስይዞ ልጁን ይልካል። ልጁ ራሱ ተሸክሞ ይሂድ፤ በእጁ የደረሰ ነገር ዝምድናውን ያስተምረዋል።

እዚህ ላይ ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ያደጋችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ ከቤቱ ጋር ምን ሄደ? እነዚያ ግቢዎች ውስጥ «ይህ ልጅ የሙስሊም ነው፣ ሥጋ እንዳትሰጡት» ብሎ መናገር አያስፈልግም ነበር፤ አሥር አባወራ በአንድ ቧንቧ እየቀዳ፣ የየአንዳንዱን ልጅ ነገር ግቢው ሁሉ ያውቀው ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤት ልጁን «ና ምሳ ብላ» የምትለው በደግነት ነው፤ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ስለዚህ በፊት ግቢው ይሠራው የነበረውን አሁን አፋችን መሥራት አለበት። አዲስ ሰፈር በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ግራና ቀኙን ቡና ጥሩ፤ ለአቦል ተቀምጣችሁ ንገሩ። ትምህርት ቤትም ሲመዘገብ ለአስተማሪዋ ይነገር፤ ትንንሽ ልጆች ምሳ ዕቃ ይከፋፈላሉና። ልጁን ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተምሩት፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ሥጋ የምበላው ቤቴ ነው» ይበል። «ያንቺ ሥጋ ሐራም ነው» እንዲል አታስተምሩት። ሁለቱም መልእክት አንድ ነው፤ የሚጥሉት ጠባሳ ግን አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጾም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን 29 ወይም 30። የእስልምናው የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል። ባለፉት ዓመታት ሁለቱ ጾሞች ተገናኝተዋል። በ2016 ዓ.ም. እንዲያውም ሁለቱም መጋቢት 2 ቀን አንድ ላይ ገቡ፤ ትዝ ይላችኋል? በዚያ ዓመት አንድ ምድጃ ለሁለት ጾመኛ ያበሰላችሁ እናቶች ምስክር ናችሁ።

ሁለቱ ጾሞች ማዕድ ላይ እንዴት ይገናኛሉ? መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ፀሐይ የምትገባው 12፡40 አካባቢ ነው። ቴምሩ፣ የምስር ሳምቡሳው፣ ሥጋ ያልገባበት የአጃ ሾርባ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ፍራፍሬው ለሁለቱም ይሆናል። ሳምቡሳው ሲጠበስ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ በንጹሕ ዘይት መጀመሪያ የምስሩ፣ ኋላ የሥጋው። ከተገላበጠ ክርስቲያኗ እናት ሳታውቅ ጾሟን ትገድፋለች። ሾርባውም በአጥንት መረቅ ከተሠራ ወይም ወተት ከነካው ያው ነው። እርሷ ለእኛ ሱሑር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ ትነሳለች፤ እኛስ ለእርሷ ዘይቱን መለየት ያቅተናል?

ሱሑርን ካነሳን፣ በዚያ ወቅት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መነሳት ይበቃል፤ እስከ ንጋቱ የፈጅር አዛን ድረስ ተረጋግቶ ይበላል። ሕፃን ልጅ እኩል ቀን ጾሞ ቀትር ላይ ቢበላ እንደ ልምምድ ይቆጠርለት። ክርስቲያን ዘመዶች «ልጁን በረሃብ ገደላችሁት» ሲሉ አትቆጡ፤ በአዘኔታ ነው የሚናገሩት። «ስድስት ሰዓት ላይ ይበላል» ብላችሁ ሰዓቱን ንገሯቸው፤ ሰዓት ሲነገራቸው ልባቸው ያርፋል። የአክስት ልጆች ተሰብስበው የማን ጾም ይከብዳል የሚል ፉክክር ሲይዙ ግን ዝም አትበሉ። ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣት ከባድ ነው፤ 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መራቅም ከባድ ነው፤ ሁለቱም ለፈጣሪ ነው ብላችሁ ዝጉት።

ሶላቱስ? አያት ቤት የዋለ ልጅ የት ይሰግድ? ከዚህ ከተማ ቂብላው፣ ማለትም ወደ መካ የሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ መሐል አዲስ አበባ ያለ ልጅ ወደ እንጦጦ ዞሮ ቢሰግድ አልሳተም። በዚያ በኩል ግድግዳው ላይ ሥዕል ካለ ሌላ ክፍል ይሂድ። ሥዕሉ ይውረድ አይባልም፤ ቤቱ የአያቱ ነው። ንጹሕ መስገጃ በአያቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጥለት። ሰዓቱ ሲደርስ እርሷው እያወጣች የምትሰጠው ከሆነ፣ የተረፈውን ነገር እኔ ማስተማር አልችልም።

ስለ በዓል ብዙ አልልም። አንድ ነገር ግን ልጆቻችሁ ይወቁ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ለእኩልነት አዲስ አበባ ላይ ታላቅ ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ኋላም ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ልጁ ዛሬ በሁለቱም ወገን በዓል ከትምህርት ቤት የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ ስም። ይኼ አጭር ነው። ሕፃኑ ሲወለድ አባት ጆሮው ላይ አዛን ይላል፤ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ፣ ለልጁ የሚታረደው እርድ፣ አለ፤ ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ። በእናት ወገን ደግሞ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ትነሳለች ብሎ የሚጠብቅ ዘመድ አለ። አንዱ ወገን ተደብቆ የሚያደርገው ነገር ቤት ያፈርሳል። ይህ ከሠርጉ በፊት፣ ቢዘገይ ከእርግዝናው በፊት ይነጋገሩበት። ስሙ ከሁለቱም ቤት አፍ የሚገባ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ኢብራሂም፣ ዩሱፍ፣ ሣራ፣ መርየም። አያት አብርሃም ብላ ብትጠራው ምን ይሆናል? ልጁ አቤት ይላል። መዝገብ ላይ ግን አንድ ስም ብቻ ይግባ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ በቤት ስም ክትባት ወስዶ፣ በሌላ ስም ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በሦስተኛ ፊደል አጻጻፍ ፓስፖርት የሚጠይቅ ወጣት ስንት ቢሮ እንደሚመላለስ የደረሰበት ያውቃል።

«ሙስሊም ሆነህ የአያትህ ስም እንዴት ወልደ እንትን ሆነ?» ተብሎ የሚሸማቀቅ ልጅ ካለም ወሎን ንገሩት። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ብዙ ሙስሊም ተጠምቋል። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ራስ፣ ኋላም ንጉሥ ሆነዋል። በአንድ የዘር ሐረግ ላይ መሐመድም ሚካኤልም መገኘቱ የኢትዮጵያ ታሪክ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

አራተኛ፣ ቀብርና ውርስ። ሰው በሕይወት እያለ ስለዚህ መነጋገር ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ግን ትልቁ መቀያየም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ሙስሊም ሲሞት ቀብሩ ይፈጥናል። ሌሊት ያረፈ ሰው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሊቀበር ይችላል። ክርስቲያን ወንድሙ ጎጃም ከሆነ አይደርስም፤ «ወንድሜን ሳላየው ቀበሩብኝ» ብሎ ዓመት ያኮርፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከየወገኑ አንድ ሰው ይመረጥ፤ እንደተረዳ ደዋዩ ሦስት ነገር ብቻ ይናገር፤ በስንት ሰዓት፣ የትኛው መስጊድ፣ የትኛው መቃብር። ወንድሙ ባይደርስም ለምን እንደፈጠነ አስቀድሞ ከተነገረው ቅያሜው ይቀላል። ትጥበቱ፣ ቁርቁራ ቅጠልና ካፉር ባለበት ውሃ፣ ከቀኝ ጀምሮ፣ በጎደሎ ቁጥር ይታጠባል። ከፈኑ፣ መግነዣው፣ ነጭ አቡጀዴ ነው፤ ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት። ሳጥን የለም፤ በቀኝ ጎኑ ወደ ቂብላ ይጋደማል። ክርስቲያን ዘመድ ይህን ሳያውቅ መቃብር ላይ ቢደርስ «ያለ ሳጥን ጣሉት» ብሎ ይደነግጣል። ከጎኑ ቆሞ ቀስ ብሎ የሚያስረዳው አንድ ሰው ይመደብለት።

ክርስቲያን አያት ስታርፍስ? ሙስሊም የልጅ ልጅ ይሸሽ? በጭራሽ! ልቅሶ ይቀመጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይሸኛል። ፍትሐቱ ሲደረግ ጸሎቱ ውስጥ አይገባም፤ ቅጥሩ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ለካህናቱና ለዘመድ አስቀድሞ ከተነገረ ማንም አይታዘበውም። በ40 ተዝካር ላይም ይገኛል፤ ማዕዱ ላይ ያለው ነገር አስቀድሞ ይለይለት። እድሮቻችን እዚህ ላይ ብዙ ማድረግ ይችላሉ፤ ሁለት ድስትና ሁለት ጭልፋ እጀታው ቀለም ተቀብቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ በደንቡም ላይ ይጻፍ። ዳኛው ሲቀየር ልማዱ እንዳይጠፋ ነው።

ውርስ። አብዛኞቹ ዑለማዎች ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ አይወራረሱም ይላሉ። ታዲያ ሠላሳ ዓመት አብራ የኖረች ክርስቲያን ሚስት ባዶ እጇን ትቅር? አትቀርም፤ በሕይወት እያለ የሚሠራ ሥራ አለ። በመጀመሪያ በጋብቻ የተፈራው ሀብት የጋራ ነው፤ ግማሹ የእርሷ ነው እንጂ ውርስ አይባልም። የጋራው 1,800,000 ብር ቢሆን 900,000 የእርሷ ነው። ከባልየው 900,000 ላይ ዕዳና የቀብር ወጪ ይነሳል። ከቀሪው እስከ ሲሶ ድረስ ወራሽ ላልሆነ ሰው በወሲያ መናዘዝ ሸሪዓው ይፈቅዳል፤ ዕዳ ከሌለ እስከ 300,000 ማለት ነው። ስጦታም አለ፤ በቁም ሳሉ የሚሰጥ። ይህን በአፍ ብቻ አትተዉት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግልጽ ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ተነቦ፣ ይኸው ተጽፎበት፣ ቀን ገብቶበት፣ ሁሉም ሲፈርሙበት ነው። አራቱ ምስክሮች አንድ ላይ ካልነበሩ፣ ወይም መነበቡ ካልተጻፈ፣ ወረቀቱ ይወድቃል። ብዙ ኑዛዜ የወደቀው በዚህ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ቢሆን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት የሚዳኘው በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። መጥሪያ የደረሳችሁ ክርስቲያን እናቶች፣ ፈርታችሁ ቤት አትቀመጡ። ቅረቡ፤ መፍቀዳችሁን ወይም አለመፍቀዳችሁን በአንደበታችሁ ተናገሩ፣ ይመዝገብላችሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጁ አንድ ቀን፣ ምናልባት ከቁርአን ቤት ሲመለስ፣ «እማዬ ጀነት ትገባለች?» ብሎ ይጠይቃል። እናቱ እየሰማች። ምን ትሉታላችሁ? እባካችሁ፣ እባካችሁ አትፍረዱ። ፍርዱ የአላህ ነው በሉት፤ ከዚያም የእሱ ድርሻ ምን እንደሆነ ንገሩት። የነቢዩ ባልደረባ የአቡበከር ልጅ አስማእ እናቷ ገና ሳትሰልም ልትጠይቃት መጥታ ነበር። ነቢዩን ሰላላሁ ዐለይሂ ወሰለም «ዝምድናዋን ልቀጥል?» ስትላቸው «አዎ፣ እናትሽን ቀጥዪ» አሏት። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሱረቱ ሉቅማን 15ኛው አንቀጽም ወላጆች በእምነት ቢለዩ እንኳ በዚህች ዓለም በመልካም እንድንኖራቸው ታዘናል። ልጁ ይህን ሲሰማ ወደ እናቱ ዞር ብሎ ያያል። ያን ጊዜ ትታቀፈው።

አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቡናው ደርሷል። ከበሩ በስተቀኝ ያለው ሳህን ላይ የምስር ሳምቡሳ ነው፤ የተጠበሰበት ዘይትም ለብቻው ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ።